የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማና በዓሉ

በኢትዮጵያ የሰንደቅ ዓላማ ቀን የሚውለው በየዓመቱ በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለ17ኛ ጊዜ ሲከበር ጥቅምት 4 ላይ ነበር። ሥራ የሚዘጋበት በዓል አይደለም። ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ተሰልፎ ሰንደቁን ይሰቅላል፣ መዝሙር ይዘምራል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስሙ ራሱ ደስ ይላል። ሰንደቅ ማለት ምሰሶው ነው፤ ዓላማ ደግሞ ምሰሶው ላይ የሚውለበለበው ምልክት። ሰፈር ውስጥ ግን ሁላችንም ባንዲራ ነው የምንለው።

ሥርዓቱን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ተማሪዎች ናቸው። ለእነሱ የዓመት ሳይሆን የየጠዋቱ ጉዳይ ነው። አንዱ ልጅ ገመዱን ይስባል፣ ሌላው ጨርቁ መሬት እንዳይነካ በሁለት እጁ አቅፎ ይይዘዋል። መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። ቀድሞ ከደረሰም ከዘገየም አያምርም። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ እንኳ መዝሙሩን ሲሰማ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእኔ ከትልቁ መድረክ ይልቅ ልብ የሚነካው ይህ ነው።

ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ላይ የተሰፉት በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። መሃሉ ላይ የንጉሡ ስም መነሻ «ም» ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ቀለማቱ ሳይለወጡ መሃሉ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘውድ የደፋ የይሁዳ አንበሳ ነበር። ደርግ መጀመሪያ የአንበሳውን ዘውድ አነሳ፣ ቆይቶም አንበሳውን ራሱን በሌላ ዓርማ ተካው። የዛሬው ሰማያዊ ክብና ባለ ጨረር ቢጫ ኮከብ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። በሕጉ መሠረት አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፣ ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩ ለነፃነት የተከፈለ መስዋዕትነት ምልክት ነው። ዓርማው ደግሞ ብሔር ብሔረሰቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋቸውን ያሳያል። ክልሎችም የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ አላቸው።

ክርክሩ ያለው እዚሁ ዓርማው ላይ ነው። የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ዓርማ የሌለውን ባንዲራ መጠቀም ይከለክላል። ብዙ ሰው ግን ልሙጡን ይወዳል፤ በአደባባይ በዓላት ላይም ይዞት ሲወጣ ንትርክ ተነስቶ ያውቃል። በአንጻሩ ኮከቡን የእኩልነቱ ምስክር አድርጎ የሚያየው ወገንም ብዙ ነው። እኔ ሁለቱም ወገን ከልቡ እንደሚናገር አምናለሁ። ሁለቱም የሚያውለበልቡት ያንኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መሆኑ ደግሞ ያጽናናኛል።

ቀለማቱ ከአገር ውጭም ዘልቀዋል። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ከኢትዮጵያ ወስዳ የራሷ አደረገቻቸው። ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋልና ካሜሩንም እነዚሁን ቀለማት መረጡ። አድዋ ላይ የተገኘው ድል ለአፍሪካውያን ምን ማለት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ባንዲራው የሚደምቀው በራሱ ቀን ብቻ አይደለም። የካቲት 23 የአድዋ ድል ይታሰባል። ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች ቀን ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ዕለት። ከዚያ በፊት በጥር ወር ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው መጀመሪያ ያደረጉት ሰንደቁን መስቀል ነበር። ዛሬም በዚህ ቀን አባት አርበኞች አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ሥር ይሰበሰባሉ። ጎፈር የደፋ አለ፣ ጋሻና ጦር የያዘ አለ፣ ደረቱ በሜዳሊያ የተሞላ አለ። ባንዲራው ሲያልፍ የተቀመጡት በምርኩዛቸው ተደግፈው ይነሳሉ።