ድንበር ተሻግሮ ማሳደድ፦ የሼንገን አንቀጽ 41

የአንድ አገር ፖሊስ ሥልጣን ድንበሩ ላይ ያበቃል፤ የሚሸሸው ሰው ግን እዚያ አይቆምም። በአውሮፓ የድንበር ኬላዎች እንዲነሱ ሲወሰን ይህ ክፍተት አሳሳቢ ሆነ። ስለዚህ በ1990 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሼንገን አፈጻጸም ስምምነት፣ ማለትም የኬላዎቹን መነሳት የሚያስፈጽመው የአገሮቹ ውል፣ በአንቀጽ 41 ለአሳዳጅ ፖሊስ ጠባብ መግቢያ ተወለት።

ተራ ጥርጣሬ አያሻግርም። ሰውየው ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘ ወይም ከእስር ያመለጠ መሆን አለበት። እያንዳንዱ አገር ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ግድያን፣ ዘረፋንና ጠለፋን የመሳሰሉ ከባድ ወንጀሎች የተካተቱበትን ዝርዝር፣ ወይም ተጠርጣሪን ለሌላ አገር አሳልፎ የሚያሰጥ ወንጀልን ሁሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ሰው ገጭቶ ገድሎ ወይም ክፉኛ አቁስሎ ማምለጥም አለ።

ፈቃድ አስቀድሞ ለመጠየቅ ጊዜ ካልተገኘ፣ አሳዳጁ ቢዘገይ ቢዘገይ ድንበሩን ሲረግጥ ለጎረቤት አገር ፖሊስ ማሳወቅ አለበት። «አቁም» ከተባለ ወዲያው ያቆማል። መሻገር የሚችለው በየብስ ድንበር ብቻ ነው። ዩኒፎርም፣ የክንድ ምልክት ወይም መኪናው ላይ የሚታይ መለያ ያስፈልገዋል፤ መኖሪያ ቤት አይገባም፤ መሣሪያ ቢይዝም ራሱን ለመከላከል ካልሆነ አይተኩስም።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚሠራው ስለ መያዝ ሥልጣን ነው። አንዳንዱ አገር ለእንግዳ ፖሊስ መከተልን ብቻ ይፈቅዳል፤ ሌላው በኪሎ ሜትር ወይም በሰዓት ይገድበዋል፤ ያልገደበም አለ። በሁለት ድንበር የሚሠራ ፖሊስ ሁለት ሕግ በቃሉ ሊይዝ ነው። መያዝ ከተፈቀደለትም የአካባቢው ፖሊስ እስኪደርስ ብቻ ነው፤ ለደኅንነት መፈተሽና ካቴና ማሰር ይችላል።

የተያዘው ሰው የተያዘበት አገር ዜጋ ካልሆነ፣ አሳልፎ ለመስጠት የሚያስችል የእስር ጥያቄ ካልቀረበ በቀር በ6 ሰዓት ውስጥ ይለቀቃል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተያዘ ሰው በማግስቱ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

በባሕር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 111 መሠረት መርከብን ማሳደድ ሳይቋረጥ እስከ ክፍት ባሕር ይዘልቃል፤ መርከቧ የራሷ ወይም የሦስተኛ አገር የግዛት ባሕር ውስጥ ስትገባ ግን ያከትማል።

በየብስ ማሳደዱን ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ግንኙነት ነው፦ ሬዲዮው ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፣ ወይም ስልክ ያነሳው ሰው ቋንቋውን አይሰማም። በጀርመን ኬል ከተማ እንዳለው ዓይነት የጋራ ማዕከል ውስጥ የፈረንሳይና የጀርመን ፖሊሶች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩት ለዚህ ነው።