ዕጢው ከስሞ ካንሰሩ ለምን ይመለሳል?

«ስቴም ሴል» (ሌሎች ሕዋሳትን የሚያፈራ መነሻ ሕዋስ) ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለሕክምና የሚሰጠውን ነው። «የካንሰር ስቴም ሴል» ግን ሌላ ነው፦ ዕጢው ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ራሳቸውን እየተኩ፣ ሌሎቹንም እያፈሩ ዕጢውን እንደ አዲስ መመሥረት የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጡት ካንሰር ሕሙማን የተወሰዱ ሕዋሳትን ለይተው፣ የበሽታ መከላከል አቅማቸው በተዳከመ አይጦች ላይ ሞከሩ። ሲዲ44 የተባለው በሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኝ መለያ ፕሮቲን ያለባቸው፣ ሲዲ24 የተባለው ሌላው መለያ ደግሞ ያነሰባቸው ወይም የሌለባቸው 100 ያህል ሕዋሳት ዕጢ አበቀሉ። ከሌሎቹ ግን በአስር ሺዎች ቢወጉም አላበቀሉም። የካንሰር ስቴም ሴል የተባሉት እነዚያ ዕጢ ያበቀሉት ናቸው።

ኬሞቴራፒ በይበልጥ የሚመታው በፍጥነት የሚባዛውን ሕዋስ ነው። የካንሰር ስቴም ሴሎች ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብለው ይባዛሉ፤ መድኃኒቱን ገፍተው ያስወጣሉ፤ የተጎዳ ዲኤንኤያቸውንም ይጠግናሉ። ሰርዶ ከላይ ታጭዶ ሥሩ እንደሚቀረው ማለት ነው። እባካችሁ፣ «ዕጢው አንሷል» ብላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ ሕክምና አታቋርጡ።

ደግሞም የካንሰር ስቴም ሴሎች ቋሚ ወገን አይደሉም፤ ተራው የካንሰር ሕዋስም ይህን ባሕርይ ሊይዝ ይችላል። እነሱን ብቻ ነጥሎ የሚያጠፋ መድኃኒት መሥራት ያስቸገረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።