ጠባሳን ለማደብዘዝ የሚያገለግሉ የቤት መድኃኒቶች

በኢትዮጵያ ጠባሳን ለማደብዘዝ የሚሞከረው ነገር አብዛኛው ከጓሮና ከማጀት የሚወጣ ነው፦ እሬት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ሎሚ፣ ሽንኩርት። ዝናቸው የመጣው ግን በአመዛኙ ቁስልን በማዳን እንጂ ጠባሳን በማጥፋት አይደለም። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው፤ ቁስል ላይ የሠራ መድኃኒት የዳነ ቆዳ ላይ ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ የላይኛውን ሽፋን አልፎ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ሲዘልቅ ሰውነት ክፍተቱን ኮላጅን በሚባል ፕሮቲን ይሞላዋል። አዲሱ ቆዳ የፀጉር ሥርና የላብ ዕጢ የለውም፤ ጥንካሬውም ከቀድሞው 80 በመቶ ገደማ አያልፍም። ጠባሳ እየለሰለሰና እየደበዘዘ ለመርጋት አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። በስድስተኛው ወር እሬት መቀባት የጀመረ ሰው በዓመቱ የሚያየውን ለውጥ ለእሬቱ ይሰጠዋል፤ ጊዜ ግን ምስጋና ጠይቆ አያውቅም።

እሬት በአገራችን ከ40 በላይ ዝርያዎች አሉት። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጡት ፈሳሾች ሁለት ናቸው። ከልጣጩ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫ ወተት እናቶች ልጅን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት መራራ ነገር ሲሆን፣ ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። መሐል ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ከሞላ ጎደል ውኃ ነው፤ ቆዳን ያርሳል፣ ማሳከክን ያስታግሳል። ቀለል ያለ ቃጠሎ ላይ እንደሚረዳ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ የቆየ ጠባሳን እንደሚያጠፋ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ደካማ ነው።

ማር ከሁሉም የተከበረ ታሪክ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 አካባቢ የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ ለቁስል ያዝዘዋል። ስኳሩ ከቁስሉ ውስጥ ፈሳሽ ይስባል፣ አሲድነቱ ተሕዋስያንን ያዳክማል፣ ሲቀጥንም ተሕዋስያንን የሚገድል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ያመነጫል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ማር በጨረር ከተሕዋስያን የጸዳ በመሆኑ ከገበያ ከሚገዛው ይለያል። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ግን ለማር የሚቀረው ሥራ ማለስለስ ብቻ ነው።

ቅቤ ለትኩስ ቃጠሎ አይሆንም፤ ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋል። ለቃጠሎ የሚበጀው ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ማፍሰስ ነው። የዳነ ጠባሳን በጣት ጫና እያደረጉ በየቀኑ ማሸት ግን የጠጠረውን ለማላላት ሐኪሞችም የሚመክሩት ነገር ነው፤ ለዚያ ቅቤም ቫዝሊንም ጣቱን ያንሸራትታሉ። ሥራውን የሚሠራው ጣቱ ስለሆነ፣ ሽታውን ለማይወድ ሰው ቫዝሊን ይበቃዋል።

ሎሚ ከዝርዝሩ ቢወጣ ይሻላል። ጭማቂው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት ይቆያል። ሊያነጡት የፈለጉት ጠባሳ ይብስ ይጠቁራል ማለት ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ ይልጣል። ከቀይ ሽንኩርት ጭማቂ የተሠሩ ቅባቶች በየመድኃኒት ቤቱ ቢሸጡም የጥናቶቹ ውጤት አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ቫይታሚን ኢም ስሙን ያህል አልሠራም፤ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ከተቀቡት ሰዎች ሲሶ ያህሉ ቆዳቸው ተቆጥቷል።

ይልቅ ጠባሳውን ከፀሐይ በነጠላ ወይም በባርኔጣ መከለልና የሲሊኮን ልጣፍ ለወራት መለጠፍ የተሻለ ማስረጃ አላቸው። ልጣፉ በየሱቁ አለመገኘቱ ያሳዝናል።

ኬሎይድ የሚባለው አብጦ የሚያድግ ጠባሳ የተለየ ጉዳይ ነው። ከቁስሉ ወሰን አልፎ ያድጋል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ለጉትቻ የተበሳ ጆሮ፣ ደረትና ትከሻ ዋና ቦታዎቹ ናቸው። ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍ አያሟሟውም፤ ሐኪም የስቴሮይድ መርፌ ይወጋዋል፤ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ መልሶ ያበቅለዋል። በደጋው አገር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭር የተባለ የቆዳ በሽታም እንዲሁ ሐኪም ይፈልጋል፤ በፊት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ በእሳት መተኮስ ደግሞ ጠባሳውን ያሰፋዋል።

በደቡብ ኦሞና በአካባቢው ጠባሳ የሚፈለግ ጌጥ ነው። ሐመርና ካሮ፣ ሙርሲና ሱሪ ቆዳቸውን በጥተው ያስጌጣሉ፤ ምልክቱ ጎልቶ እንዲነሳ አመድ የሚነሰነስበት ጊዜም አለ። ቁስል ሲቆጣና ባዕድ ነገር ሲገባበት ጠባሳው እንደሚጎላ በልምድ ያውቁታል። ደም ለማቆም የተፈጨ ቡና ወይም አመድ ቁስል ላይ የሚነሰንሰው የከተማ ሰው ደግሞ ያንኑ ሥራ ሳያስበው ይሠራል።