ጦር የተሸከመችው ሽመላ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወገኖቼ።

ዛሬ ጥፋቴን በመናዘዝ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጽሑፍ በስልኬ ደረሰኝ። የጠፈር ሳይንቲስቶች የፀሐይንና የጨረቃን አቀማመጥ በኮምፒዩተር ወደ ኋላ ሲያሰሉ አንድ ቀን ጎደለባቸው፤ ግራ ገብቷቸው ፀሐይ ቆመች የሚለውን መጽሐፈ ኢያሱን ሲከፍቱ የጠፋውን ቀን እዚያ አገኙት ይላል። "አሜን" ብዬ ለአርባ ሰው ሼር አደረግሁት። ከአርባው አንድ የኅብረታችን ወጣት ብቻ መልሶ ጻፈልኝ። "ይህን ያሉት እነማን ናቸው? መቼ?"

ብፈልግ ባስፈልግ አጣሁ። ለካ ለብዙ ዓመታት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ተረት ነው። የኢያሱን ታሪክ ለማመን ኮምፒዩተር አላስፈለገኝም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ያለኝ ሳይንቲስት "ልክ ናችሁ" ያለን ስለመሰለኝ ነው።

ኢዮብ ወዳጆቹን፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን? ብሎ ይጠይቃቸዋል (ኢዮ. 13፥7)። ልብ በሉ፤ ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው ነበር። እኔም እንደዚያው።

ደግሞስ ምን አንገብግቦኝ ነው? እውነተኛው ድንቅ ሞልቶ ተርፎ! እስቲ አንዲት ወፍ እንይ።

"ሽመላ በሰማይ ጊዜዋን አውቃለች" ይላል ኤርምያስ (8፥7)። በዕብራይስጥ ስሟ "ሐሲዳ" ነው፤ ቸርነትና ታማኝነት ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ነቢዩ ይህን ያለው ስለ ወፍ ሊያስተምር ሳይሆን፣ ሕዝቡ የእግዚአብሔርን ፍርድ አላወቀም ብሎ ሊወቅስ ነው። ወፏ በጊዜዋ ትሄዳለች፣ በጊዜዋ ትመለሳለች። የት ነው የምትሄደው? እሱን አልነገረንም።

ሰው ደግሞ ካላወቀ ይገምታል። አርስቶትል ብርዱ ሲመጣ አንዳንድ ወፎች ተደብቀው ይተኛሉ፣ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ይለወጣሉ ብሎ ጽፏል። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ የወንጌል አገልጋይ ይህንኑ የኤርምያስን ቃል ይዞ ተቀመጠ። አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። በመጨረሻ ወፎቹ የሚከርሙት ጨረቃ ላይ ነው አለ። መንገዱም ሁለት ወር ያህል እንደሚፈጅባቸው አሰላ!

ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሰውዬውን እወደዋለሁ። ጥቅሱን አንብቦ "አሜን" ብሎ አላለፈውም፤ "የት?" ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሳተ እንጂ ጥያቄውስ ልክ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ፣ ክሉትስ አጠገብ፣ አንዲት ሽመላ በጥይት ተመትታ ወደቀች። ሲያነሷት አንገቷን በስቶ ያለፈ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ጦር ተገኘባት። እንጨቱ የመካከለኛው አፍሪካ ነው። አስቡት፤ አንድ አዳኝ እዚያ ወግቷታል፣ አልሞተችም፣ ጦሩን እንደተሸከመች ያን ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር በርራ ተመልሳለች። ቆዳዋ ተሞልቶ፣ ጦሩም እንደተሰካ፣ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። "የት?" ለሚለው ጥያቄ መልሱን በአንገቷ ይዛ መጣች።

ነገርን መሰወር የእግዚአብሔር ክብር ነው፤ መመርመር ደግሞ የነገሥታት ክብር (ምሳ. 25፥2)። ታዲያ ምስጢሩ ሲገለጥ ሽመላዋ አነሰችብን? እንዴት እንደምትበር አሁን እናውቃለን። ክንፏን ብዙ አታርገበግብም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚነሣውን ሞቃት አየር ትይዝና እየተሽከረከረች ትወጣለች፤ ከዚያ ክንፏን ዘርግታ እስከሚቀጥለው ድረስ ትንሸራተታለች። ሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሜዲትራኒያንን መሃል ለመሃል አታቋርጥም፤ በጂብራልታር ወይም በቦስፎረስ በኩል ዞራ ትሻገራለች። "ሁሉን በጥበብ አደረግህ" የሚለውን መዝሙር ድሮ በደፈናው ነበር የምለው። አሁን ክንፏም፣ አየሩም፣ መንገዷም እየታየኝ እለዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ወፍ ነው። ኢንዲጎ በንቲንግ የሚባሉ ትንንሽ ሰማያዊ ወፎች አሉ፤ የሚጓዙት በሌሊት ነው። ስቴፈን ኤምለን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ መንገዱን በምን እንደሚያውቁት ሊያጠና ተነሣ። ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ ማደሪያ ሠራላቸው። ግድግዳው ወረቀት ነው፤ ወለሉ ቀለም የጠጣ ነው። ወፏ ሰማዩን እያየች መሄድ ወደፈለገችበት ትዘልላለች፤ የእግሯ ቀለም ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ያን ዱካ ያየ ሰው ልቧ ወዴት እንደነበረ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ጫጩቶችን በእጁ አሳደገ። አንዳንዶቹን ከዋክብት የሚባል ነገር አላሳያቸውም። የጉዞው ወቅት ሲደርስ ዱካቸው በየአቅጣጫው ተበተነ። ሌሎቹን ፕላኔታሪየም በሚባል፣ ሰው ሠራሽ ሰማይ በሚታይበት አዳራሽ ውስጥ፣ ከዋክብቱ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ልክ እንደ እውነተኛው ሰማይ ሲዞሩ አሳያቸው። እነዚህ ወደ ደቡብ አመሩ። ለካ ጫጩቷ የምታጠናው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉ ሲዞር የማይዞረው የቱ ጋ ነው? ከቦታዋ የማትነቃነቅ የምትመስለው የሰሜን ኮከብ እኮ ከሁሉ የደመቀች ኮከብ አይደለችም። ጫጩቷም ድምቀት አትፈልግም።

ያዕቆብ እግዚአብሔርን "የብርሃናት አባት" ብሎ ይጠራውና መለወጥ፣ በመዞርም የሚሆን ጥላ በእርሱ ዘንድ እንደሌለ ይናገራል (ያዕ. 1፥17)። ይህን ቃል በቃሌ አውቀዋለሁ። ከእነዚያ ጫጩቶች በኋላ ግን ቀና ብዬ ሳላይ ማንበብ አቃተኝ።

ሦስተኛ ቡድንም ነበረ። ለእነዚህ ኤምለን ሰማዩን አዛባው። ከዋክብቱ ሁሉ በቤትልጁስ ዙሪያ እንዲዞሩ አደረገ። ቤትልጁስ መጽሐፈ ኢዮብ በስም የሚጠራው የኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለች ቀይ ኮከብ ናት። ጫጩቶቹ ሌሊት ሌሊት አዩ፣ ተማሩ። ጊዜው ሲደርስ ቤትልጁስን ዋልታ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለእርሷ ሰጥተው ተነሡ። ከሌሎቹ ያነሰ ትጋት አልነበራቸውም። የተማሩትን በታማኝነት ተከተሉ። ያሳዩአቸው ሰማይ ነው የተሳሳተው።

ይህን ሳነብ ያ ለአርባ ሰው የላክሁት ጽሑፍ ትዝ አለኝ። ከአርባዎቹ መካከል ገና ሰማይ የሚያጠኑ ልጆች ነበሩ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ጻፍሁላቸው፤ "ያ የላክሁላችሁ ነገር ውሸት ነው፣ ይቅር በሉኝ" አልሁ። ከሥሩም የሽመላዋን ፎቶ አያያዝሁ፤ ጦሩ አንገቷ ላይ እንዳለ።