«እንደገና አስኪደው፣ ያልፋል» እና ሌሎች ስለ ሲአይ የሚነገሩ ስህተቶች

ተከታታይ ውህደትን፣ በተለመደው አጠራሩ ሲአይን፣ ለሶፍትዌር ቡድኖች ማደራጀት ሥራዬ ነው። ቡድኑም የፕሮግራም ቋንቋውም ይለያያል፤ የምሰማቸው የተሳሳቱ እምነቶች ግን ያው ናቸው። አብዛኞቹ በጥቂት ቃላት ይታረማሉ። አንዱ ግን በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል፤ እሱን ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ።

«ጄንኪንስ ጭነናል፤ ስለዚህ ሲአይ አለን።» የላችሁም። ጄንኪንስም ሆነ ጊትሀብ አክሽንስ ቢልድ (ኮዱን ገንብቶ በሙከራ የሚፈትሽ ዙር) የሚያስኬዱ መሣሪያዎች ናቸው። ሲአይ ማለት እያንዳንዱ የቡድኑ አባል ሥራውን ቢያንስ በየቀኑ ከዋናው ቅርንጫፍ (ከቡድኑ የጋራ ኮድ) ጋር ሲያዋህድና እያንዳንዱ ውህደት በራሱ ሲፈተሽ ነው። ልምዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ከተባለው የሶፍትዌር አሠራር ጋር ሲስፋፋ ዛሬ የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች አልተፈጠሩም ነበር፤ ጄንኪንስ ራሱ ሃድሰን ከተባለው ፕሮጀክት ተለይቶ ይህን ስም የያዘው በ2011 ነው። ለሦስት ሳምንት ለብቻው የቆየ ቅርንጫፍ በየቀኑ አረንጓዴ (የስኬት ምልክት) ቢያሳይም፣ የሚነግራችሁ ከራሱ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው።

«አረንጓዴ ከሆነ ሙከራዎቹ አልፈዋል።» አረንጓዴ ማለት ትእዛዙ ሲያበቃ ዜሮ የመውጫ ኮድ፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚል ቁጥር፣ መልሷል ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ባሽ በተባለው የትእዛዝ መስመር ላይ የሙከራውን ውጤት በፓይፕ ወደ ሌላ ትእዛዝ ካስተላለፋችሁትና ፓይፕፌይል የተባለውን አማራጭ ካላበራችሁ፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው ትእዛዝ ኮድ ነው። ሙከራው ይወድቃል፣ ምዝግቡን (ሙከራው ሲሄድ የሚያወጣውን ጽሑፍ) ፋይል ላይ የሚጽፈው ትእዛዝ ይሳካለታል፣ ቢልዱም አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ሲአይ ስታዘጋጁ ሆን ብላችሁ አንድ ሙከራ አበላሹና ቢልዱ ሲቀላ በዓይናችሁ እዩ።

«በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ችግሩ የሰርቨሩ ነው።» ብዙውን ጊዜ የእናንተ ኮምፒውተር ነው። ማክና ዊንዶውስ በተለመደው አሠራራቸው በፋይል ስም ውስጥ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለዩም፤ ሲአይ ብዙውን ጊዜ የሚሄድበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ስለዚህ በእናንተ ዘንድ የተገኘ ፋይል እዚያ ላይገኝ ይችላል።

አሁን ወደዚያ ወደሚያንገበግበኝ። «አንዳንዴ ይወድቃል፤ እንደገና አስኪደው፣ ያልፋል።»

ይህን ጀማሪውም አንጋፋውም በቅንነት ይመክራል፤ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስለዋል። እስቲ እናስላው። እያንዳንዳቸው ከ100 ጊዜ አንዴ ያለ በቂ ምክንያት የሚወድቁ 100 ሙከራዎች አሉ እንበል። ሁሉም በአንድ ዙር የሚያልፉበት ዕድል 37 በመቶ ያህል ነው። ምንም እንከን የሌለበት ኮድ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ቀይ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ የውድቀቱን ምዝግብ ከፍቶ የሚያነብ ሰው አይገኝም፤ ሁሉም በቀጥታ «እንደገና አስኪድ» የሚለውን ይጫናል።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ሁለት ሥራዎች በአንድ ቅጽበት አንድ መረጃ ሲነኩ የሚፈጠር እውነተኛ ስህተት ገባ፤ ሙከራውንም ከ3 ጊዜ 2ቱን ይጥለዋል። እስኪያልፍ ድረስ 3 ጊዜ የሚሞክር ቡድን ይህን ስህተት በ70 በመቶ ዕድል ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ያስገባዋል። ሙከራውን ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ብቻ የሚጥል ስህተት ከሆነማ ዕድሉ 96 በመቶ ይደርሳል። ሙከራው ሥራውን ሠርቷል፣ ተናግሯል፤ የተናገረውን የጣለው ሰው ነው።

አንድ የማማክረው ቡድን ሌሊት ብቻ የሚወድቅ ሙከራ ነበረው። አምሽተው የሚሠሩት ያውቁታል፤ ጠዋት ሲያስኬዱት ያልፋል፤ የሰርቨሩ ባሕርይ ነው ተብሎ ተትቷል። ምዝግቡን ስናነብ የደረሰኙን ቀን አንዱ የኮዱ ክፍል በደንበኛው ሰዓት፣ ሌላው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቆጥር ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለቱ ለጥቂት ሰዓታት በቀን ይለያያሉ። በእነዚያ ሰዓታት የከፈሉ ደንበኞች ሁሉ የትናንት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ሲደርሳቸው ቆይቷል። ይህ ሁሉ ቀዩ ላይ ተጽፎ ነበር።

ለዚህ የሚሰጠኝ መልስ «ጉግልም አለበት» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጉግል በ2016 ከሙከራዎቹ 16 በመቶ የሚጠጉት እንዲህ ያለ ወላዋይነት እንዳለባቸው ጽፏል። በዚያው ጽሑፍ ግን እነዚህን ሙከራዎች እየተከታተለ የሚለይና ጉድለታቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ መሥራቱንም ገልጿል። የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን መተው ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ የምትሠሩት ይህን ነው። ወላዋዩን ሙከራ ለይታችሁ ለማዋሃድ ማለፋቸው ግድ ከሆኑት ሙከራዎች አውጡት፤ ነገር ግን ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ስም እና የመጨረሻ ቀን ጻፉበት። ቀኑ ካለፈ ወይ ይጠገን ወይ ይሰረዝ። ያንኑ ኮሚት (አንድ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መቶ ጊዜ ደጋግማችሁ አስኪዱት፤ ስንቴ እንደሚወድቅ ሳታውቁ ተጠግኗል አትበሉ። ሙከራዎቹ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ይሂዱ፤ ቅደም ተከተሉን የወሰነው ቁጥርም ምዝግቡ ላይ ይውጣ፣ አለበለዚያ ውድቀቱን መድገም አትችሉም። «ሁለት ሰከንድ ጠብቅ» የሚል መስመር ካያችሁ የሚጠበቀው ነገር መድረሱን በሚያረጋግጥ መስመር ተኩት፤ ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ሁለት ሰከንድ አይበቃም። ሰዓቱን ሙከራው ራሱ ይወስነው፤ ዳታቤዙንም ሁለት ሙከራዎች አይጋሩት። በራሱ የሚደግም ቅንብር የግድ ካስፈለጋችሁም ድጋሚው ይቆጠር፣ ለሁሉም ይታይ።

ቢልዱ ሲዘገይ ይህ በሽታ ይብሳል። ከኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የመጣው፣ ቢልድ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ የሚለው መመሪያ ዛሬም ጥሩ ነው፤ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ቀዩን ሊመረምር ትዕግሥቱ አልቋል።

የቀረው አንድ ነው፦ «ሚስጥራዊ ቁልፎቻችን ምዝግቡ ላይ ስለሚሸፈኑ ደኅና ነን።» ሸፋኙ የሚፈልገው የቁልፉን ትክክለኛ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ በሌላ ኮድ ተቀይሮ ከወጣ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከ23,000 በላይ የኮድ ማከማቻዎች ይጠቀሙበት የነበረውን አንድ ዝግጁ የጊትሀብ አክሽን (ቢልድ ውስጥ የሚጠራ፣ ሌላ ሰው የሠራው ኮድ) አጥቂዎች ቀየሩት፤ ቁልፎችን ከማሽኑ ማህደረ ትውስታ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ቤዝ64 በተባለው ኮድ እየቀየረ ምዝግብ ላይ ይጽፍ ጀመር። የስሪት መለያዎቹን ወደ ራሳቸው ኮድ ስላዞሯቸው፣ በስሪት ቁጥር የጠሩት ሁሉ ሳያውቁ የአጥቂዎቹን ኮድ አስኬዱ። ሌላ ሰው የሠራውን አክሽን ስትጠሩ ባለ 40 ፊደሉን ሙሉ የኮሚት መለያ ጻፉ፤ ለቢልዱም የሚሠራበትን ያህል ፈቃድ ብቻ ያለው፣ በአጭር ጊዜ የሚያበቃ ቁልፍ ስጡት።