ኤምአርአይ ላይ «ደምቆ ታየ» ማለት ስብ ታየ ማለት ነው?

ሲቲኤክስ የሚባል፣ እምብዛም የማይገኝ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ሲዋይፒ27ኤ1 የተባለው ጂን ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ሲወረስ፣ ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ በደንብ መቀየር ያቅተውና ኮሌስታኖል የሚባል ቅባት አንጎል ውስጥ፣ የዓይን ሌንስ ላይ፣ የተረከዝ ጅማት ላይ ይጠራቀማል።

ወደ ኤምአርአዩ እንምጣ። ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ «ዴንቴት ኒውክሊየስ ቲ2 ላይ ደምቋል» ይላል። ቲ2 ከኤምአርአይ የምስል ዓይነቶች አንዱ ነው። ዴንቴት ሚዛን በሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ውስጥ ግራና ቀኝ ያለ የነርቭ ሴሎች ክምችት ነው። ሰው ታዲያ «ደመቀ» ሲባል ስቡ ራሱ የታየ ይመስለዋል። አይደለም! የሚደምቀው በአብዛኛው የተጎዳው ቦታ ነው፤ የነርቭ ሽፋን ሲሳሳና ሴል ሲሞት ውሃ ይበዛል፣ ቲ2 ደግሞ ውሃን ያደምቃል። ይባስ ብሎ በሽታው ሲቆይ እዚያው ቦታ ላይ ጥቁር ነገር ሊታይ ይችላል። እሱም ካልሲየም ወይም የደም ብረት ቅሪት እንጂ የመዳን ምልክት አይደለም።

ምስሉ ብቻውን አይፈርድም፣ ንጹህ ምስል ያለው ታማሚም አለ። ከልጅነቱ ተቅማጥ አልለቅ ያለው፣ ገና በለጋ ዕድሜው የዓይን ሞራ የያዘው ሰው ከሆነ (ሞራ የሚለው ስም ራሱ እዚህ ላይ ይገርማል) ደሙ ውስጥ ያለው ኮሌስታኖል ይለካ። ኬኖዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በደንብ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው።