ዓመቱን በንጉሡ ፊት መዝጋት፦ ከአድቬንት በፊት ያለው ሳምንት

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ አድቬንት (ዲሴምበር 25 ከሚከበረው ገና በፊት ያለው፣ አራት እሑዶች የያዘ የዝግጅት ወቅት) ሲመጣ የብዙዎቻችን ልብ ቀጥታ ወደ ቤተልሔም ይሮጣል። የመጀመሪያው እሑድ ምንባብ ግን ስለ ሕፃኑ አይናገርም። በሦስት ዓመት በሚዞረው የምንባብ ተራ መሠረት ማቴዎስ 24፥36-44፣ ማርቆስ 13፥24-37 ወይም ሉቃስ 21፥25-36 ይነበባል፤ ሦስቱም ጌታ በክብር ስለሚመለስበት ቀን ነው የሚናገሩት። ከእሱ በፊት ያለው እሑድ፣ የቤተ ክርስቲያን ዓመት የመጨረሻው፣ ያንኑ ጌታ ንጉሥ ብሎ ያከብረዋል። ስለዚህ ዝግጅቱ መጀመር ያለበት የመጀመሪያው ሻማ ሲበራ ሳይሆን ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

የአድቬንት የመጀመሪያ እሑድ የሚውልበትን ቀን ለማወቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለኖቬምበር 30 የሚቀርበውን እሑድ ፈልጉ፤ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ከአድቬንት በፊት ባለው እሑድ የሚውለውን የክርስቶስ ንጉሥ በዓል የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ሲደነግጉት በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነበር የሚከበረው። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ወደ ቤተ ክርስቲያን ዓመት ማብቂያ ተዛወረ፤ ዛሬ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ያከብሩታል። ዝውውሩ መልካም ነበር፤ ንጉሡን አክብሮ መምጣቱን መጠበቅ ተያያዥ ነገር ነውና።

በዚያ እሑድና በአድቬንት መካከል ስድስት ቀን አለ። በማቴዎስ 25፥35-36 ጌታ የሚቆጥራቸውም ስድስት ናቸው፦ ተርቤ፣ ተጠምቼ፣ እንግዳ ሆኜ፣ ታርዤ፣ ታምሜ፣ ታስሬ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ አንዱን ውሰዱና በጌታ ፊት ተቀመጡ። «በዚህ ዓመት የታመመ ጠይቄአለሁ ወይ?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ «አዎ፣ አንዳንዴ» ብለን እናልፈዋለን። ማንን ነው ያልጠየቅሁት? ስሙን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ንስሐ ግቡ፤ የሚቻል ከሆነም ሳምንቱ ሳያልቅ ሂዱ ወይም ደውሉ። ይህ መዳንን የምንገዛበት ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው በመስቀል ተከፍሏል። ንስሐችን ግን ስም ከሌለው እንደ ጭጋግ በኖ ይጠፋል።

አድቬንት ከገባ በኋላ የሚያደክመን አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዳችን መብዛቱ ነው። በቀን ሦስት ምዕራፍ ብሎ የጀመረ ሰው ጥቂት ቀን ሲያመልጠው «ወደ ኋላ ቀርቻለሁ» ብሎ ጨርሶ ይተወዋል። ያለፈውን ለማካካስ አትሩጡ፤ የዛሬውን አንብቡ። የሉቃስ ምዕራፍ 1 ለአራቱ ሳምንታት ይበቃል፦ መጀመሪያ 5-25፣ ቀጥሎ 26-38፣ ከዚያ 39-56፣ በመጨረሻም 57-80። ያንኑ ክፍል ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሙት። ዘካርያስ ለልጁ ስም እስኪወጣለት ድረስ ዲዳ ሆኖ መቆየቱን በአንድ ንባብ ማለፍ ቀላል ነው፤ በሰባተኛው ቀን ግን ዝምታው ራሱ ያስተምራል።

የአድቬንት አክሊል (በየእሑዱ አንድ እየተጨመረ የሚበሩ አራት ሻማዎች ያሉት የቅጠል ቀለበት) የምታበሩ ከሆነ ሻማዎቹን አስቀድማችሁ አስቡበት። ወቅቱ ከ22 እስከ 28 ቀን ይረዝማል። በየማታው 20 ደቂቃ ብታበሩ የመጀመሪያው ሻማ ከ9 ሰዓት በላይ ሊነድ ይችላል፤ ቀጭን ሻማ ከገና በፊት ያልቃል። አራተኛው ግን እንደ ዓመቱ ከአንድ እስከ ሰባት ማታ ብቻ ይበራል። ቅጠሉ ሲደርቅ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ በየሳምንቱ ቀይሩት፤ ክፍሉን ለቃችሁ ስትወጡም ሻማዎቹን አጥፉ።

አራተኛው እሑድ ዲሴምበር 24 ላይ ሲውል የመጨረሻው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። እንዲህ ባለው ዓመት ከሉቃስ 1፥57-80 ያለውን ክፍል ወደ ሦስተኛው ሳምንት አጋማሽ አምጡት፤ የዘካርያስ መዝሙር ለአንድ ሥራ የበዛበት ቀን አይተውም።